የሚስ ቅጠል ዓይን ሆኜ

ዛሬ ጠዋት የግቢውን በር ስከፍት ሽታው ደጃፍ ላይ ተቀበለኝ። በተራራው በኩል ዘንቦ ኖሯል። ወደኛ ጠብ አላለም፤ ግን ድሬ ላይ ያረጀ ሰው ዝናብ የት እንደጣለ በአፍንጫው ያውቃል። ወራት ሙሉ ሲጠበስ የከረመ አሸዋ ውኃ ሲነካው የምትወጣ ሽታ አለች፤ እሷን ከደንገጎ የሚወርደው ነፋስ ይዟት ይመጣል። «ዘነበ እኮ!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ማን ይመልስልኛል? ሠራተኛዬ አግብታ ከሄደች ወዲህ እዚህ ቤት ያለነው እኔና ሬዲዮው ነን፤ እሱም ባትሪው ሲደክም እያንሾካሾከ ይውላል። ወንበሬን አውጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ቢሆን ይህ ሽታ መጥቶ እኔ ቁጭ አልልም ነበር። ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ወደ ፈረንጇ ወደ ሚስ ኬት መኝታ ቤት እሮጥ ነበር። እሷ ደግሞ ምንጊዜም ቀድማኝ ተነስታ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። «የዘነበው ሐርላ ነው ወይስ ከዚያ በላይ?» ትለኛለች፤ እኔ የሽታ አዋቂ እንደሆንኩ ሁሉ።

ሰፈራችን ከዚራ ያን ጊዜ ሌላ ከዚራ ነበረች። ዛፎቹ እነዚያው ናቸው፣ ጥላቸውም እንደዚያው ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው ሰው ግን ተለወጠ። ጠዋት የባቡሩ ጩኸት ሲሰማ ሴቶች ድስታቸውን ይጥዳሉ፤ ሰዓት የሚያይ አልነበረም። የባቡር ሠራተኞች ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው በብስክሌት ሲጎርፉ መንገዱ ራሱ ሰማያዊ ይመስላል። ቀትር ላይ ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ውሻ እንኳ አይጮህም። አመሻሽ ላይ ደግሞ ሁሉም ገላውን ታጥቦ ይወጣል። ወንዶቹ ከታች የሰፋ ሱሪ፣ ከወገቡ ጥብቅ ያለ ሸሚዝ፤ ሴቶቹ ከጅቡቲ የመጣ ስስ ቀሚስ፣ ዲሪያ የሚባለው፣ ነፋስ ሲገባበት እንደ ሸራ የሚነፋ። ከየቡና ቤቱ የሚወጣው ዘፈን አንዱ በሱማልኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በዐረብኛ ነው፤ መንገድ መሀል ሲገናኙ ግን አይጣሉም። ትኩስ ጥብስ ባጊያ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ዘይቱ ጋዜጣውን ስለሚያሳልፈው የዓለም ወሬ ሁሉ ጣታችን ላይ ይታተም ነበር። ቀፊራ ገበያ ወርደሽ ማንጎ በስሙኒ ከገዛሽ ነጋዴዋ ምርቃቱን ራሷ ጉያሽ ውስጥ ትከትልሻለች። ዛሬ ባጃጁ ያን መንገድ ይዞታል። አዲሱ ባቡር ከከተማው ርቆ፣ ሰው ሳያየው መጥቶ ሳያየው ይሄዳል። አሮጌው ለገሃር ደግሞ እንደኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

ባሌ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። ወባ ሳምንት ሳትሰጠው ወሰደችው። ልጅ አላፈራንም፤ ሠላሳ ዓመትም ገና አልሞላኝም። የምንኖርበት ቤት የሥራው ስለነበር ለሌላ ሠራተኛ መልቀቅ ነበረብኝ። ዕቃዬን አስሬ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ስቀመጥ ጎረቤቴ መጥታ፣ «እዚያ ጥግ ያለችው ፈረንጅ ቤቷን የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች፤ ስሟ ሚስ ኬት ነው፤ ሰው ግን ሚስ ቅጠል ነው የሚላት» አለችኝ። ድሬ ቅጽል ስም ያልወጣለት ሰው የለም። ሚስ ቅጠልን ደግሞ የማያውቃት አልነበረም። ረጅም ቀጭን ሴት ናት፤ የወንድ ባርኔጣ ታደርጋለች፤ ካኪ ቀሚሷ ኪስ ብቻ ነው፤ ከየኪሱ ጭራሮ ብቅ ብሎ ይታያል። እጇ የገበሬ እጅ ነው።

እኔን ያሳደገችኝ የሸዋ ሴት ናት። ገባሁና ጎንበስ ብዬ፣ «እርስዎ ነዎት ሚስ ኬት?» አልኳት።

ወደ ኋላዋ ዘወር አለች፤ ሌላ ሰው የምትፈልግ መሰለች። «ማንን ነው? አቦ፣ እኔ አንድ ነኝ። ድሬ ውስጥ አንቱ የለም። አንቺ በዪኝ።»

እንዲህ ሆኖ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት፤ መጀመሪያ ሰሞን ግን አፌን ይይዘኝ ነበር።

አገሯ አየርላንድ ነው። የከተማው ሰው እንግሊዝ ይላታል፤ እሷ ይህን ስትሰማ ፊቷ ይቀላል። «አያቴን በቋንቋዋ ስለተናገረች በትምህርት ቤት የገረፏት እነሱ ናቸው» ትላለች። አባቷ በምዕራቡ ባሕር ዳር አስተማሪ ነበር። ዝናብ የማያባራበት፣ መሬቱ ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚተፋ አገር ነው አለችኝ። በልጅነቷ ድንጋይ ላይ እንደ ሽበት የሚበቅለውን ስትለቅም ውላ እርጥብ ሆና ትገባ ነበር። ኋላ በዋና ከተማቸው ባለ ትልቅ የዕፅዋት ቦታ ተቀጠረች። ሥራዋ ሌሎች ከዓለም ዳርቻ የላኩትን ደረቅ ቅጠል ወረቀት ላይ መለጠፍ ነበር። ዓመት ከዓመት መለጠፍ ብቻ። አንድ ቀን ከሳጥኑ ውስጥ ከእኛ ተራራ የተቆረጠ እሾሃም ቅርንጫፍ ወጣ። «ለጠፍኩት፤ ከዚያ ይህ ዛፍ ቆሞ ምን ይመስል ይሆን አልኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም» አለችኝ። በመርከብ ጅቡቲ፣ በባቡር ድሬ። አንድ ክረምት ልትከርም መጣች፤ ፀጉሯ እዚሁ ሸበተ። ለኑሮዋ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ በተረፋት ቀን ሁሉ ተራራ ትወጣለች። ከአገሯ ሰው ለቅጠል ብሎ እነዚህ ኮረብቶች ላይ የወጣ ከሷ በፊት እንዳልነበረ ነገረችኝ። ስትነግረኝ ኩራት ነበረባት፤ ሌላም ነገር ነበረባት። ቀዳሚ መሆን አጠገብሽ ማንም የለም ማለትም ነው።

መንገዳችን ዳር ቀይ አበባ የሚያነደውን ዛፍ አገሩ ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» ይለዋል። እሷ ግንዱን መታ መታ እያደረገች፣ «ይሄ ከባሕር ማዶ፣ ከደሴት የመጣ ነው። እንደ እኔ መጤ ነው። ግን አያችሁ፣ ስማችሁን ሰጣችሁት» ትል ነበር። ዛሬም ሲያብብ ባየሁ ቁጥር ድምጿ ጆሮዬ ላይ ነው።

ሥራዋ አንድ መጽሐፍ ነበር። ከተማውን የከበቡት ደረቅ ኮረብቶች የሚያበቅሉትን ሁሉ፣ መልኩን፣ ጊዜውን፣ ሰው የሚጠራበትን ስም ጭምር የሚይዝ። የስሙ ነገር ራሱ ዕድሜ ይፈጃል። ውስጡ ቡናማ የሆነውን ጎምዛዛ ፍሬ፣ እኔ ሁመር የምለውን፣ አንዱ ሮቃ ይለዋል፣ ሌላው ረቃይ፤ እሷ ሁሉንም ትመዘግባለች፤ አንዱንም አትጥልም። ቤቱ በሙሉ በጋዜጣ መሀል ተደርጎ በሳንቃ የተጫነ ቅጠል ነው። ምግብ የምንበላው የጠረጴዛው ጥግ ላይ ነበር።

የዓይኗን ነገር ያወቅሁባት እንዲህ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የደረቀ ተክል ወረቀት ላይ ስትለጥፍ ሻይ ይዤ ገባሁ። አየሁት። ሥሩ ወደ ላይ፣ አበባው ወደ ታች ነው።

«ሚስ ኬት፣ ዘቀዘቅሽው እኮ» አልኩ እየሳቅሁ።

አልሳቀችም። ጣቶቿ ተክሉ ላይ እንዳሉ ቆመች። «በሩን ዝጊው» አለችኝ።

ዘጋሁት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም ካለኝ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ጎን ለጎኑ መጀመሪያ ጠፋ። አሁን በቀጭን ቧንቧ ውስጥ እንደማየት ነው፤ ቧንቧውም እየጠበበ ነው። ለማንም አትንገሪ ትርሲት።»

«ለምን? ሰው ይረዳሻል።»

«የወንድሜ ልጅ ይሰማና መጥቶ ወደ አገሬ ይወስደኛል። ደግ ልጅ ነው። ሞቃት ክፍል አለ፣ ሾርባ አለ፣ መስኮቱ ዝናብ ያሳያል፤ እኔ ግን ዝናቡን አላየውም። መጽሐፉም ሳያልቅ ይቀራል።» ጭንቅላቷን ወደ እኔ አቀናች፤ የምታየኝ ግን እኔን አልነበረም፤ ከትከሻዬ አጠገብ ያለ ቦታ ነበር። «አንቺ ታያለሽ። እኔ አውቃለሁ። ሁለታችን አንድ ሰው እንሆናለን።»

በማግስቱ ጀመርን። አንድ ቀንበጥ አስያዘችኝና፣ «ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

«ቅጠል።»

«ሌላ?»

«አረንጓዴ።»

«የቱ አረንጓዴ?»

«አረንጓዴ አረንጓዴ ነው አቦ!» ተናደድኩ። ፊደል እንደማይለይ ሰው የቆጠረችኝ መስሎኝ።

ሳቀች። «እኔ አገር ብትሆኚ እንዲህ ብለሽ አታመልጪም። ስሚ፣ ያልበሰለ ሎሚ ነው ወይስ የጫት ቀንበጥ? አቧራ ያለበት ነው ወይስ የታጠበ? ጀርባውን ገልብጪው፤ ሆዱና ጀርባው አንድ ነው?»

ገለበጥኩት። አንድ አልነበረም። ጀርባው ነጣ ያለ፣ አመድ የነካው ነበር። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ይህን ቁጥቋጦ ከልጅነቴ ጀምሮ በአጠገቡ ሳልፍ ኖሬያለሁ፤ ጀርባ እንዳለው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ቀፊራ ስወርድ ለሽንኩርት ብቻ አልነበረም። የዘይቱናው ውስጥ፣ የቅመሙ ክምር፣ የጨርቁ ጥቅል፣ የግመሉ ከንፈር፣ ሁሉንም ቀለም ብዬ አያለሁ፤ ቤት ስመለስ «እንደ እንትን» የምልበት እንዲኖረኝ። እሷ በከንፈሯ ትዳስሳለች። ጣት የማያገኘውን ጸጉር ከንፈር ያገኘዋል ትላለች። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ እሷ ጽሕፈት መኪናዋ ላይ በእንግሊዝኛ ትመታለች፤ ለዚያ ዓይን አያስፈልጋትም። አንዳንዴ ያልኩትን ሰምታ ጣቶቿን ታቆምና፣ «በይ ድገሚው፣ እንዴት ያለ አማርኛ ነው!» ትለኛለች። ባሌ ከሞተ ወዲህ በሰው መሀል ስኖር ምን እንዳየሁ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዋልሽ ወይ፣ በላሽ ወይ ይሉኛል እንጂ። እሷ ከነጋ እስኪመሽ ትጠይቀኝ ነበር። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ውሎ ማደር እንዴት እንደሚያጠግብ የቀረበት ያውቀዋል።

ጋሪ ነጂያችን ዩሱፍ ይባላል፤ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው። ፈረሱን በሬዳ ይለዋል፤ በኦሮምኛ ቆንጆ ማለት ነው። ፈረሱ ግን ጎድኑ የሚቆጠር ነበር። ስለ ዓይኗ ለዩሱፍ አልነገርነውም። አንድ ቀን ከጋሪው ስትወርድ እጁን ዘርግቶ ሳትጠይቀው ክንዷን ያዘና በጆሮዬ፣ «አብሽሪ፣ እኔም አልናገርም» አለኝ። ሦስት ሆንን።

መጽሐፉ አለቀ ማለት ይቻል ነበር፤ አንዲት ተክል ቀረች። ሚስ ኬት ዓይኗ ሙሉ በነበረ ጊዜ፣ ሐርላ ላይ፣ ከፈረሱት የጥንት ግንቦች አጠገብ አንድ ጊዜ አይታት ነበር። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ያለ ቅጠል፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ብቅ ትላለች። አንድ አበባ ናት፤ ሳይረፍድ ትከስማለች። ያን ቀን ወረቀት አልያዘችም፤ ነገ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። ስትመለስ ድንጋዩ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጠበቀቻት፤ ወይ ዝናቡ በማስተማሪያ ቀኗ ይጥላል፣ ወይ ሌላ ተራራ ላይ ይጥላል፣ ወይ ይቀራል። በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላገኘቻትም። «ምናልባት ስም የላትም» ትላለች፣ ጮክ ብትል የምትሸሽባት ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ታዲያ አንድ ጠዋት እንደዛሬው ያለ ሽታ መጣ። ዩሱፍን ጠርቼ ገና ሳይነጋጋ ወጣን። የደቻቱን ወንዝ በደረቅ አሸዋው ላይ ተሻገርን። ከባዱን ሳንቃና ወረቀት ትተን እርጥብ ጨርቅ ያለበት ቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ያዝን፤ ሳይረፍድ ቤት እንመለሳለን ብለን። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ጋሪው ቆመ። ከዚያ በእግር ሆነ። የነጠላዬን አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ጫፍ እሷ ይዛ ወጣን። ፍየል የሚያግዱ ሴቶች ቆመው አዩን፤ «ኬት! ኬት!» ብለው ሰላም አሏት፤ በስማቸው እየጠራች መለሰችላቸው፤ በድምፃቸው ነው የለየቻቸው።

ግንቦቹ ጋ ስንደርስ፣ «አሁን ያንቺ ነው» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ፈለግሁ። በጉልበቴ ሄድኩ። ድንጋዩ ገና እርጥብ ነው፤ ከሥሩ ጉንዳን ይፈላል። ፀሐይዋ ወጣች፤ ጀርባዬን መታችኝ። ጥሪያት ቢባል የምጠራበት ስም እንኳ የላትም። ተስፋ ቆርጬ ቀና ስል፣ አፍንጫዬ ሥር፣ ድንጋዩ ለሁለት በተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ቆማ አየኋት። ሁለት እህቶቿ ትንሽ ራቅ ብለው ነበሩ።

«ሚስ ኬት!»

እየተደናቀፈች መጣች። አጠገቤ ተንበረከከች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «በይ፣ ምን ታያለሽ?»

«ነጭ ናት። ወተት አይደለችም፤ ጥፍር ሥር ያለው ነጭ ናት፣ ደም ከኋላው ያለበት። ጫፏ ቀጭን፣ ትንሽ ወደ ኋላ የተቀለበሰ። ልቧ ላይ ወይን ጠጅ ነጥብ አላት፤ ጠብታው አልረጋም፣ ወደ ዳር ሮጧል። ዘንጓ ቀይ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል።»

ጎንበስ ብላ በከንፈሯ ነካቻት። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ የምታለቅስ ግን አትመስልም፤ ፊቷ ሰፍቶ ነበር። «እሷ ናት። ያኔ አይቻት ነበር እኮ፤ ነጥቧን ረስቼው ነበር» አለች። አንዷን ከነሥሯ ቆፍረን ሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ አስተኛን። ሁለቱን ተውናቸው።

ደቻቱ ስንደርስ ከሩቅ የሰማነውን ጩኸት ዩሱፍ አስቀድሞ አወቀው። «ወላሂ ወርዷል» አለና ፈረሱን ገታ። ጠዋት በደረቅ የተሻገርነው አሸዋ ቡናማ ጎርፍ ሆኗል። ከላይ የዘነበው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ማዶ ከዚራ ይታያል፤ የቤታችን ጣሪያ ሊታይ ምንም አልቀረውም፤ ወረቀቱ እዚያ፣ ሳንቃው እዚያ ነው። ሳጥኑን ከፍቼ አየሁ። የአበባዋ ጫፍ መጠቅለል ጀምሯል።

«እሻገራለሁ። ከወገቤ አያልፍም» አልኩ። ሳጥኑን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ገባሁ። ዩሱፍ ጮኸ፤ አልሰማሁትም። ውኃው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ አሸዋው ከእግሬ ሥር መሄድ ጀመረ።

«ትርሲት! ውጪ!» አለች ሚስ ኬት።

«ትከስማለች!»

«ትክሰም! ሣር ናት! ሣር ናት እኮ!»

ዘወር ስል ራሷ ውኃው ውስጥ ገብታለች። አታይም፤ በሁለት እጇ አየሩን እየዳበሰች ቀሚሴን ትፈልጋለች። ባርኔጣዋን ጎርፉ ወስዶታል። ዩሱፍ ዘሎ ገባና በአንድ እጁ እሷን፣ በአንድ እጁ እኔን ይዞ እየጎተተ አወጣን። ወዲያው አንድ ግራር ከነሥሩ እየተገለባበጠ ቆሜ በነበረበት ቦታ ላይ አለፈ። ሦስታችንም ከነሳጥኑ አሸዋው ላይ ወድቀን ቀረን። ዩሱፍ ሰደበን፤ በሦስት ቋንቋ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀቻትን ሣር ብላ ስትጠራት መስማቴ ከጎርፉ ይልቅ አስደንግጦኝ ነበር። እጄን ይዛ አለቀቀችም። እንደዚያ ሆነን ውኃው እስኪጎድል ጠበቅን። ቤት ስንደርስ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው እንደራሰ ወረቀት ተኮማትራ ነበር። ለማንኛውም አስተኛናት፤ ጫንናት።

የደረቀችውን ወደ አገሯ የሚሄድ ሰው ይዞላት ሄደ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቃል መጣ፤ አዋቂዎቹ አይተው ከዚህች ምንም ማለት አይቻልም፣ ሌላ አምጡ ብለዋል። የሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ባለው ሚስ ኬት የቤታችን ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተጎዳ፤ የዓይኗም ነገር ተሰማ። እኔ ኋላ ላይ ብቻዬን ሐርላ ወጥቻለሁ፤ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ። ስንጥቁን ድንጋይ አላገኘሁትም። ሰው ድንጋዩን ለቤት ወስዶት ይሆናል፣ ወይም እኔ ቦታውን ስቼው ይሆናል። አሁን ጉልበቴ ዳገት አይወጣም።

የወንድሟ ልጅ እንዳለችው ደግ ነበር። ፊቱ በድሬ ፀሐይ ተልጦ፣ ሁሉንም ሰው እያመሰገነ ዕቃዋን አሰረ። አንድ ቀን እኔን እያየ ረጅም ንግግር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ሻንጣሽ ከበደ አለኝ» አለችኝ። ያ ሁሉ ቃል ሻንጣ ብቻ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። አልጠየቅኳትም።

ለገሃር የሸኘናት እኔና ዩሱፍ ነን። ሕዝቡ ይተራመሳል፤ ጥቅልል ምንጣፍ፣ የብርቱካን ቅርጫት፣ የታሰረች ፍየል። እሷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ እጇን አወጣች። «ትርሲት፣ ስትገቢልኝ ዓይኔ ደክሞ ነበር። መልክሽን በደንብ አይቼው አላውቅም። በይ ንገሪኝ» አለችኝ።

«ጠይም ነኝ» አልኩ።

«የቱ ጠይም?»

ያን ሁሉ ቅጠል የገለጽኩ ሴት ቃል አጣሁ። ዩሱፍ ከጎኔ ሆኖ፣ «ሚስ ኬት፣ ሁመር ናት። ልጣጩን አይደለም የምልሽ፣ ውስጡን» አላት።

«እህ፣ ጎምዛዛ ናታ!»

«ጎምዛዛም ጣፋጭም ናት፣ ወላሂ።»

ስትስቅ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እጇን ይዤ ትንሽ ሄድኩ፤ መድረኩ አለቀ።

መጽሐፉ ታተመ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ አላየሁትም። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ከአገሯ የመጡ አንድ ቄስ ቤቱን አጠያይቀው መጥተው ማረፏን ነገሩኝ። ቤት ገብቼ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ። ደጃፉ ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩና ተቀመጥኩ። ማንን እንደማረዳ አላውቅም ነበር። ዩሱፍ ሰምቶ መጣ፤ በሬዳን ዛፉ ላይ አሰረና ጫማውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

አንዲት ሴት ሳህን ይዛ ስታልፍ ቆመች። «ማን ሞቶ ነው?»

«ሚስ ቅጠል» አልኳት።

«እሷ እኮ ሄዳለች። እዚህ ምን ዘመድ አላትና ነው?»

ዩሱፍ ቀና ብሎ አያት። «እኛ ምንድን ነን?» አላት።

ሳህኗን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ መጣች። አንዱ ሸራ አመጣ፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር፣ አንዱ ሻይ በፔርሙስ። ያስተማረቻቸው ልጆች ጢም አውጥተው መጡ። የቀፊራ ነጋዴዎች ዲሪያቸውን ሰብስበው ምንጣፉ ላይ ሞሉ። ሦስት ቀን መንገዱ ተዘግቶ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ሸራው ወረደ፤ ወንበሮቹም ወደየቤታቸው ሄዱ። ዩሱፍ መጨረሻ ላይ ቀረ፣ ምንጣፉን አብረን ጠቀለልን፤ እሱም ሄደ።

ዩሱፍ ዓምና አረፈ። መጋላ ወርጄ ለቅሶው ላይ ሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። ቤተሰቡ ደግ ነው፤ ትራስ አመጡልኝ። አንዲት የልጅ ልጁ፣ ሻርፗ ከግንባሯ እየተንሸራተተ፣ አጠገቤ ቁጭ አለችና ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«እማማ፣ የአያቴ ምኑ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔና አያትሽ ሐርላ እንሄድ ነበር» አልኳት።

«ምን ልታደርጉ?»

«አበባ ልናይ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ልጅቷ በቀስታ እጄን ነካ አደረገችና፣ «ፀሐዩ መትቶሽ ነው፣ እማማ» ብላ ውኃ ልታመጣልኝ ተነሳች።